«ምንም ቅርስ አልተገኘም» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ማየት ይበቃል? የመንገድ ፕሮጀክት የቅርስ ሪፖርት ላይ ምክር ፍለጋ

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በቅርስ አስተዳደር ተመርቄ ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አማካሪ ድርጅት ከተቀጠርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን የሠራሁት የሌሎችን ጽሑፍ ማረምና ፎቶግራፍ ማደራጀት ነበር። አሁን ግን ከደሴ በስተምዕራብ ባለው ደጋ የሚያልፍ የገጠር መንገድ ደረጃው ሊያድግ ስለሆነ፣ ለአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማው የቅርስ ክፍሉን እኔ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። የቦታውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

እንደ መነሻ የተሰጠኝ ረቂቅ ከሌላ ፕሮጀክት የተወሰደ ሲሆን የቅርስ ክፍሉ ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስለ አክሱም፣ ሁለተኛው ስለ ላሊበላና ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያወራል፤ ሦስተኛው «በፕሮጀክቱ ክልል ውስጥ ምንም ዓይነት የአርኪዮሎጂ ቅርስ አልተገኘም» ብሎ ይዘጋል። የቀድሞው ፕሮጀክት የወንዝ ስም እንኳ ሳይቀየር እንዳለ ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የቀበሌ ሠራተኛና ከአንድ አዛውንት ጋር መስመሩን በእግሬ ስሄድበት፣ ለገረጋንቲ (ለመንገድ ለሚነጠፈው ጠጠራማ አፈር) ማውጫ በተመረጠው ኮረብታ ጫፍ ላይ አንድ የድንጋይ ክምር አገኘሁ። ክብ ነው፤ ወርዱ በእርምጃዬ አሥራ አምስት ያህል ሲሆን ከፍታው ከወገቤ ጥቂት ይበልጣል። ሣር ለብሷል፣ ቀጋ በቅሎበታል፣ ዙሪያውን ደግሞ ጠርዙን የያዙ ትልልቅ ድንጋዮች አሉት። ለምርመራ ናሙና አፈር ሊወስድ የገባው ማሽን መግቢያ ሲጠርግ የክምሩን ደቡባዊ ጎን ገምጦታል። በተገመጠው ፊት ላይ ጠቆር ያለ አፈር፣ አመድ የመሰለ ስስ መስመርና ጥቁር፣ የተወለወለ የሚመስል ገል ታየኝ። አንዱን ገል አውጥቼ አየሁትና መልሼ እዚያው አስቀመጥሁት፤ እስክሪብቶዬን አጠገቡ አድርጌም ፎቶግራፍ አነሳሁ። አዛውንቱ «የግራኝ ድንጋይ ነው፣ አባቶቻችንም አይነኩትም ነበር» አሉኝ። የቀበሌው ሠራተኛ ግን «ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረው ነው» ባይ ነው።

ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሳላውቅ በሪፖርቱ ውስጥ ምን ብዬ ልጥቀሰው? ጥቂት ቆፍሬ ማረጋገጥስ እችላለሁ? ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የማሳውቀው? ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ደግሞ ኃላፊዬ «ቅርስ ብለሽ ከጻፍሽ ሥራው ይቆማል፣ ቀለል አድርጊው» ማለታቸው ነው። ሳልዋሽም ሳላጋንንም እንዴት ልጻፍ? ሪፖርቱ የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

---

ገል ለቃሚ (ደሴ)

በዕድሜ አባትሽ ስለምሆን «አንቺ» ብዬ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ከዚህ ሥራ በጡረታ ተሰናብቻለሁ፤ እግሬ እንጂ ዓይኔ ገና አልደከመም።

የቦታውን ስም አለመጥቀስሽ ደግ ነው። በሪፖርቱም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ይቀጥል። ለሕዝብ ውይይት በሚቀርበው ቅጂ ትክክለኛውን መገኛ አታስገቢ፤ ለቅርስ መሥሪያ ቤቶቹና ለመሐንዲሱ በሚሄደው አባሪ ላይ ብቻ ይስፈር። ወርቅ አለው ተብሎ ሌሊት ሲቆፈር ያደረ ክምር በዚህ ደጋ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ፤ ጠዋት የሚገኘው የተበታተነ አጥንትና የተሰበረ ሸክላ ነው።

ወደ ክምርሽ ልምጣ። በመንዝ፣ በግሼና በደቡብ ወሎ ደጋማ ቦታዎች ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» የሚል ስም የሰጡት (የሚጠጣው ሻይ አይደለም) የጥንት ማኅበረሰብ አሻራ አለ። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ከጥንቱ የተረፈልን በዋናነት መቃብሩ ነው፤ ያም መቃብር ከላይ ሲታይ ተራ የድንጋይና የአፈር ጉብታ ይመስላል። በተቆፈሩት ውስጥ በአንድነት የተቀበሩ ብዙ ሰዎች፣ የተወለወለ ጥቁር ሸክላና ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የመስታወት ዶቃ ተገኝቷል። ይህ ሕዝብ ክርስቲያንም ሙስሊምም እንዳልነበረ ነው የሚታመነው፤ ስለ ራሱ የጻፈው ነገርም አልደረሰንም። ስለዚህ ጉብታው ለጠጠር ከተጫነ ስለ እነርሱ ሌላ የምንጠይቀው ምስክር የለም።

ይህን የምነግርሽ ያየሽው ክምር የእነርሱ ነው ለማለት አይደለም፤ ልትዪውም አትችዪም። የቀበሌው ሠራተኛ ያለውም ከንቱ ግምት አይደለም፤ ገበሬ የሚለቅመው ድንጋይ በእርግጥ ይከመራል። ነገር ግን የገበሬ ክምር አብዛኛውን ጊዜ በማሳ ዳር ወይም ሊታረስ በማይችል ዓለት ላይ ይሆናል፣ ቅርጹ አይጠበቅም፣ ድንጋዩ በእጅ የሚወረወር ያህል ነው፣ ጠርዝ ይዞ የተተከለ ትልቅ ድንጋይም የለውም። ክብ መሆኑ፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ መቀመጡ፣ የጠርዝ ድንጋዩ፣ ጥቁሩ አፈርና ገሉ አንድ ላይ ሲታዩ ሚዛኑ ወደ መቃብርነት ያዘነብላል። በሪፖርቱ መጻፍ ያለብሽም ይህንኑ ማዘንበል ነው፤ በመጀመሪያ ያየሽውን ብቻ፣ ቀጥሎ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ በመጨረሻም ምን ብታውቂ ኖሮ ትወስኚ እንደነበር። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ለገረጋንቲ ማውጫ በታቀደው ኮረብታ ጫፍ ላይ ክብ የድንጋይ ክምር ይገኛል። በዙሪያው በጠርዝ የተተከሉ ድንጋዮች አሉ። በደቡባዊ ጎኑ በማሽን በተቆረጠው ፊት ላይ ጥቁር አፈር፣ አመድ የመሰለ መስመርና የሸክላ ስብርባሪ ታይቷል። እነዚህ ምልክቶች ከማሳ ከተለቀመ ድንጋይ ይልቅ ከጥንታዊ የመቃብር ጉብታ ጋር ይስማማሉ፤ ስለዚህ ክምሩ ጥንታዊ መቃብር ሊሆን ይችላል። ዕድሜውና አገልግሎቱ በተፈቀደ ቁፋሮ ካልሆነ በስተቀር ሊረጋገጥ አይችልም። እስከዚያው ድረስ እንደ አርኪዮሎጂ ስፍራ ተቆጥሮ ሊጠበቅ ይገባል።»

በዚህ ውስጥ ያልታየ ነገር የለም፣ የተጋነነም የለም። ኃላፊሽ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል አውጪው ቢሉሽ፣ «አይደለም» የሚል ማስረጃቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ በትሕትና ጠይቂያቸው።

አካፋ እንዳታነሺ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋና ጥናት ማካሄድ አይፈቀድም፤ «ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ» የሚባልም ቁፋሮ ነው። ገሉን ከተቆረጠው ፊት ማውጣትሽም እንደ ልማድ የሚያዝ አይደለም። የገሉ ዋጋ ያለው ከየትኛው የአፈር ንብር ውስጥ እንደወጣ በመታወቁ ነው፤ ከዚያ ሲለይ ሸክላ ብቻ ይሆናል። መልሰሽ ማስቀመጥሽ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በእጅ መነካቱን በማስታወሻሽ ጻፊው፤ አታፍሪበት። በሚቀጥለው ጊዜ ከእስክሪብቶ ይልቅ በሴንቲሜትር የተከፈለ መለኪያ ይዘሽ ሂጂ። የተቆረጠውን ፊት ፊት ለፊት ቀጥ ብለሽ፣ ጥላ ሳይወድቅበት አንሺው፤ ሁለት ሦስት ደግሞ ከሩቅ፣ ኮረብታውና መንገዱ አብረው እንዲታዩ። ከዚያ በእጅሽ ሳዪው። ፎቶግራፍ የማያሳየውን የአፈር ለውጥ እጅ ሲስለው ዓይን ይይዘዋል፤ ይህ ከሃምሳ ፎቶግራፍ ይልቅ ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ርዕስሽ ጥያቄ። «አልተገኘም» የሚለው ቃል ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ በምን ያህል ርቀት ጎን ለጎን ተራምዶ፣ በየትኛው ወቅት እንዳየ ካልተነገረ ምንም አይናገርም። በእኛ ደጋ የመኸር እህል ሳይነሳ የሄደ ሰው ከሰብል በቀር የሚያየው የለም፤ በክረምት ደግሞ ሣርና ጉም ነው። ጥሩው ጊዜ አዝመራው ተነሥቶ የበልግ እርሻ ሲጀመር ነው፤ ያኔ ማረሻው ራሱ ገልና ባልጩት ገልብጦ ያሳይሻል። ጊዜው ካልተመቸሽ ያልታዩትን ማሳዎች በካርታ ላይ ለይተሽ ቀቢያቸውና «በሰብል ስለተሸፈኑ አልታዩም፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታየት አለባቸው» በዪ። ያልታየን ቦታ «ቅርስ የለበትም» ከተባለው ጋር መደባለቅ በዚህ ሙያ ዘወትር የማየው ትልቁ ጥፋት ነው።

እንዲሁም መሐል መስመሩን ብቻ አትከተዪ። እኔ በሥራ ዘመኔ የጠፉ ስፍራዎችን ሳስብ መንገዱ ራሱ ያጠፋቸው ጥቂት ናቸው። ያጠፏቸው የድንጋይ ካባው፣ የገረጋንቲ ማውጫው፣ የሠራተኛ ካምፑ፣ ተለዋጭ መንገዱና የተቆረጠ አፈር የሚደፋበት ገደል ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ከጸደቀ በኋላ ይጨመራሉ ወይም ይቀየራሉ። ስለዚህ «ከዚህ ሪፖርት በኋላ የሚመረጥ ማናቸውም ማውጫ፣ ካምፕ ወይም መድፊያ ቦታ ሳይታይ አይከፈትም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። የውሃ መውረጃ ቱቦውንም ተመልከቺ፤ አፉ ወደ ጉብታው የዞረ ቱቦ በሦስት ክረምት ቦረቦር አውጥቶ ማሽን ያልነካውን ይወስደዋል።

---

የቦርከና መሐንዲስ (ኮምቦልቻ)

እኔ ከማሽኑ ወገን ነኝ፤ ለሥራ ተቋራጭም ለአማካሪም ሠርቻለሁ። ጋሼ የጻፉት ላይ የምጨምረው የእናንተን ሪፖርት ማን እንደሚያነበውና የት ላይ እንደሚጥለው ነው።

አንድ ጊዜ ሰማንያ ገጽ የቅርስ ጥናት ቀርቦልኝ፣ ከአክሱም ተነሥቶ በላሊበላ አዙሮኝ ቦሩ ሜዳ ላይ አደረሰኝ፤ የእኔ ሳይት ግን አልነበረበትም። ሳይት ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው በመንገዱ ስቴሽን (ከመንገዱ መነሻ በተለካው ርቀት) ከዚህ እስከዚህ፣ ከመሐል መስመር በስተቀኝ ወይም በስተግራ ይህን ያህል ሜትር፣ ይህን ከመሥራቴ በፊት ይህን ላድርግ የሚል ነው። ይህ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተቀምጦ በአካባቢና ማኅበራዊ አያያዝ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዕቅዱ ነው የውሉ አካል የሚሆነው። የተቀረው ታሪክ ለአንባቢ ደስ ይላል፣ ዶዘር ግን አያቆምም።

ከስህተቶች ሁሉ የማልረሳውን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ፕሮጀክት የቅርስ ባለሙያው የአንድ ጉብታ መገኛ በትክክል ለክቶ ሰጠን። እርሱ የለካው በስልኩ፣ ማለትም ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የመገኛ መለኪያ መነሻ፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነበር። የእኛ የዳሰሳ ቡድን ደግሞ ቁጥሩን ያለ ጥያቄ አዲንዳን በተባለው ሌላ መነሻ በተዘጋጀው የ1፡50,000 ካርታ ላይ አሰፈረው። ሁለቱ በአገራችን ሁለት መቶ ሜትር በሚያህል ርቀት ይለያያሉ። እኛም ባዶ ግጦሽ ላይ ችካል ተክለን፣ ቀይ ሪባን አስረን፣ በጥንቃቄ ጠበቅነው። ጉብታውን በሁለተኛው ቀን ጭነን ሄድን። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የተጻፈው ቁጥር በየትኛው መነሻ እንደተለካ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ነበር የጎደለው። ስለዚህ እኅቴ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መነሻውንና የካርታ ዞኑን ይጻፉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ 37ኛው ዞን ውስጥ ናቸው። በተጨማሪም በዓይን የሚታይ መለያ ያስቀምጡ፦ «ከትልቁ ዋርካ በስተሰሜን ስልሳ እርምጃ» የሚል ጽሑፍ ዳሰሳው ቢሳሳት እንኳ ፎርማኑን ያድነዋል።

ኃላፊዎ «ሥራው ይቆማል» ያሉት ከልምድ ማጣት ይመስለኛል። ጨረታ ሳይወጣ ገረጋንቲ ማውጫ ማዛወር ማለት ሌላ ኮረብታ ላይ ጥቂት የናሙና ጉድጓድ ቆፍሮ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ውል ከተፈረመ፣ ማሽን ከገባና የማመላለሻ ርቀት ተሰልቶ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ማዛወር ግን የካሣ ጥያቄና የጊዜ ማራዘሚያ ያስከትላል። ሥራ የሚያስቆመው አሁን የሚጻፈው ሪፖርት ሳይሆን አሁን ሳይጻፍ ቀርቶ ኋላ ከጉድጓዱ የሚወጣው የራስ ቅል ነው። ለኃላፊዎ በዚህ ቋንቋ ይንገሯቸው፤ ይሰማሉ።

የድንገተኛ ግኝት ሥርዓትም ይካተት። እርሱ ግን «ቅርስ ከተገኘ ሥራ ይቆማል» በሚል ቃል ብቻ ከተተወ አይሠራም። ገልባጭ መኪና ነጂው የሚከፈለው በቢያጆ (በምልልስ ቁጥር) ከሆነ አጥንት ቢያይም ዝም ይላል፤ የኤክስካቫተር ረዳቱም እንደዚያው። የቆመበት ሰዓት እንደሚታሰብለት በውሉ ላይ መስፈር አለበት፤ በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሠንጠረዡ ውስጥም ለክትትል ባለሙያ ቀን አበል የተለየ መስመር ይኑር። ዋጋ የሌለው ሥራ አይሠራም። እኔ ባለሁበት ደግሞ ለኦፕሬተሮቹ ከቢሮ ስላይድ ይልቅ አንድ ገል፣ አንድ ባልጩትና የጥቁር አፈር ፎቶግራፍ አሳይቼ «ይህን ስታይ የማሽኑን ክንድ አንሥተህ ጥራኝ» ማለቴ የተሻለ ሠርቷል።

---

የወረዳ ባህል ሠራተኛ (ደቡብ ወሎ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማን ኃላፊነት ነው ለሚለው መልስ ልስጥ። በአዋጅ 209/1992 አንቀጽ 41 መሠረት በመንገድ፣ በሕንፃ፣ በማዕድን ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ ባለበት ጠብቆ ማቆየት አለበት። ባለሥልጣኑ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። በተግባር ደብዳቤው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ ለዞኑ መምሪያና ለክልሉ ቢሮ ግልባጭ ተደርጎ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን ይስጡ፤ በየደረጃው ከተጠበቀ ክረምት ይገባል። ግልባጭ በሰጡበት ሁሉ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ያስመቱ። ያው አንቀጽ ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው የግኝቱን ሙሉ ዝርዝር ለክልሉ በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። ያለ ቀንና ያለ ቁጥር ይህን ማስላት አይቻልም።

የተጽዕኖ ግምገማ አዋጁም፣ ቁጥር 299/1995፣ ተጽዕኖን ሲተረጉም ባህላዊ ቅርስን ከአፈርና ከውሃ ጋር አብሮ ይጠራዋል። ስለዚህ የቅርስ ክፍሉ ለጌጥ የገባ ምዕራፍ አይደለም። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ከሆነ ደግሞ የባንኩ የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ ስምንተኛ መስፈርት፣ ስለ ባህላዊ ቅርስ የሚናገረው፣ ቅርሱ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ ይሁን አይሁን፣ ተነክቶ ይሁን አይሁን እንደሚመለከተው ይናገራል፤ «ማሽን ቀድሞ ገምጦታል» የሚለው ምክንያት በዚያ በኩል አያስኬድም።

ከአሥር ዓመት ሥራዬ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። በእኛ ወረዳ ለድንጋይ ክምር ትልቁ ጠላት መንገድ አይደለም፤ የእርከን ሥራ ነው። በየዓመቱ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሲወጣ በቅርብ ያለ ድንጋይ ሁሉ ይነሣል፤ እኛው ራሳችን የቀበሌ አመራር ሆነን ስንት ክምር እንዳስነሣን እግዜር ይወቀው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ የግብርና ጽሕፈት ቤቱም ግልባጭ ተቀባይ ይሁን። መንገዱ ያዳነውን ክምር ዘመቻው እንዳይወስደው።

ስለ አዛውንቱም ልጨምር። «አባቶቻችን አይነኩትም ነበር» ማለታቸው ለእኔ ከገሉ የማይተናነስ መረጃ ነው። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው ስም በብዙ ቦታ ማን እንዳቆመው ለማይታወቅ ጥንታዊ ድንጋይ ሁሉ የሚሰጥ በመሆኑ እንደ ዘመን ማስረጃ አይያዝ፤ ሰዉ ክምሩን ከተራ ድንጋይ እንደሚለየው ግን ያሳያል። ሲጠይቋቸውም ብቻቸውን ሳይሆን ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም አንድ አንድ ሽማግሌ፣ እንዲሁም ውሃ ቀድተው እንጨት ለቅመው ኮረብታውን በየቀኑ የሚረግጡትን እናቶች ይጨምሩ። እኔ ካየኋቸው ስፍራዎች ሁለቱን ያመላከቱኝ ሴቶች ናቸው። በዚያ ዙሪያ የቅርብ ዘመን መቃብር ወይም ደሪህ (የሙስሊም ወሊ የተቀበረበት ስፍራ) ካለ ደግሞ እርሱ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ አለው፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በሪፖርቱም በሌላ ርዕስ ይጻፋል።

---

የቦርከና መሐንዲስ (ኮምቦልቻ)

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌላ ኮረብታ ባይገኝስ? ከክምሩ ሃምሳ ሜትር ርቀን፣ ባለሙያ አቁመን፣ ከቀሪው ኮረብታ ብናወጣ አይበቃም? በብዙ ቦታ እንዲህ ነው የምንሠራው።

---

ገል ለቃሚ (ደሴ)

ኢንጂነር፣ በዚህ ላይ አልስማማም። ባለሙያ ቆሞ መከታተል የሚጠቅመው ምንም ያልታየበት ቦታ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የታወቀን ነገር ቆሞ ሲፈርስ ለማየት አይደለም። ሃምሳ ሜትሩስ ከየት ተነሥቶ ይለካል? ከጉብታው ጠርዝ ከሆነ፣ በዙሪያው መሬት ውስጥ ያለውን ማንም አላየም። እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይቆሙም፤ አንዱ ጎልቶ ሲታይ ሌሎቹ በእርሻ ተደላድለው ከጉልበት በታች ሆነው ይቀራሉ። እኅታችን በመጀመሪያ ኮረብታውን በሙሉ ትመልከት፣ ገል የተበተነበትን ዳርቻ በካርታ ትክበበው፣ ርቀቱ ከዚያ ዳርቻ ይለካ። ያ ሁሉ ተደርጎ ለጠጠር የሚተርፍ ቦታ ካለ እኔም አልቃወምም። እኔ ግን ኮረብታውን በሙሉ መተው እንደሚሻል፣ ለእናንተም ወጪ እንደሚቀንስ ነው የሚሰማኝ።

---

የቦርከና መሐንዲስ (ኮምቦልቻ)

ከገሉ ዳርቻ ይለካ የሚለውን ተቀብያለሁ፤ ያላሰብሁት ነው። ኮረብታው በሙሉ ይተው በሚለው ላይ ግን የአፈሩ ምርመራ ውጤት ሳይታይ እንዲህ በቶሎ አልወስንም።

---

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጋሼ፣ ኢንጂነር፣ ወንድሜ የወረዳው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት በማለዳ፣ ጉሙ ሳይወርድ፣ መለኪያ ይዤ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ አብረውኝ የመጡት አዛውንቱና ኮረብታው ሥር የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ኮረብታውን በሃያ ሜትር ልዩነት ተራምጄበት ጋሼ እንዳሉት ሌሎች ሁለት አገኘሁ። አንዱ ማሳ ውስጥ ሆኖ ታርሶበታል፤ ጎበጥ ያለ መሆኑ የሚታወቀው ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ብቻ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ብሄድ ኖሮ አላየውም ነበር። ሌላው ግማሹ ተነሥቶ በታችኛው እርከን ላይ ተደርድሯል። የጠርዙ ትልልቅ ድንጋዮች ሸክም ስለከበዱ ይመስላል አሁንም በቦታቸው አሉ። እናትየዋ «እዚህ በርበሬ ስናሰጣ ዶቃ እናገኝ ነበር፣ ልጆች አስረውት ያድጉ ነበር» ብለውኛል። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍሁት፤ ዶቃውን ግን አላየሁትም፣ አለማየቴንም ጻፍሁ።

ከረቂቁ የአክሱምንና የላሊበላን አንቀጽ አውጥቻለሁ። የማውጫ ቦታው፣ የካምፑና የሁለት መድፊያዎች ሠንጠረዥ በስቴሽን ተዘጋጅቷል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር መነሻውና ዞኑ ሰፍሯል። በሰብል የተሸፈኑ አራት ማሳዎችን በካርታው ላይ በቢጫ ቀብቼ «አልታዩም» ብያቸዋለሁ። ደብዳቤው በወረዳውና በዞኑ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የክልሉና የአዲስ አበባው ዛሬ ተልኳል። ኃላፊዬ የኢንጂነርን የወጪ ነገር ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ሌላ ኮረብታ እናስመርምር» አሉ። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል ግን ገና አልፈረሙባትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የቀበሌው ሠራተኛ እስኪወሰን ድረስ ማሽን እንዳይገባ ክምሮቹ ላይ ምልክት እንዳደርግ ጠይቆኛል። ምልክቱ ራሱ ወርቅ ፈላጊ እንዳይጠራብን ፈራሁ።

---

ገል ለቃሚ (ደሴ)

ኖራ አትቀቢባቸው፣ ባንዲራም አታቁሚ። የዳሰሳ ቡድኑ ለመንገዱ የሚተክለውን ዓይነት ተራ ችካል፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖረው፣ ከገሉ ዳርቻ ውጭ ዙሪያውን ይተከል። ፎርማኑ ትርጉሙን ይወቅ፣ የሚያልፍ ሰው ግን የመንገድ ችካል ነው ብሎ ይለፍ። ለእናትየዋም ንገሪያቸው፤ ማሽን ሲመጣ ድምፁን ከአንቺ ቀድመው የሚሰሙት እርሳቸው ናቸው፣ ስልክሽን ተዪላቸው።